ፊቷን ወዴት እንደምታዞር ቀጠሮ ስለተሰጣት የአበባ ርግብ

መስከረም 14 ቀን 2015 ዓ.ም.
መርሳ

በደመራ ሰልፍ ከፊት የሚሄደውን የአበባ መኪና እንዲያሳምሩ ለተመረጡ፣ ማሳመሩን ትተው ሽምግልናውን ለያዙ ሦስት የተከበሩ አባቶቻችን፤ ለጋሽ ንጉሴ፣ ለጋሽ አያሌው እና ለአባባ ዘውዱ

ጤናችሁ እንዴት ከርሟል? ጉልበታችሁንም ወገባችሁንም እግዚአብሔር ያበርታልን፤ አምስት ቀን ሙሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መከራከር እንኳን ለእናንተ ለወጣት ወገብም አይሆን። እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ አበባችን እየጠወለገ ከመሆኑ በቀር፣ እጅግ ደህና ነን።

ስሜ ትንሳኤ ዓለምነህ ይባላል። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በእናንተ አነጋገር አፏ ሳይፈታ የምትናገር ማለት ነኝ። ቢሆንም በታላቅ ትሕትና አቤቱታዬን አቀርባለሁ።

፩. ወንድሜ አቤል ሐምሌ ላይ ወደ ግንባር ሲሄድ፣ ለመኪናው የሚሆን ሥዕል በደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ትቶልን ነበር፤ ክንፏን የዘረጋች አንዲት ርግብ፣ ሌላ ምንም የለም። ጋሽ ንጉሴ ግን በጦርነት ዘመን ርግብ ፈሪ ታስመስለናለችና አንበሳ ይሁን አሉ። ጋሽ አያሌው ደግሞ መስቀሉን ያገኘችው ንግሥት እሌኒ ተረስታ ርግብን ምን አገባት አሉ። አባባ ዘውዱም ሁሉንም አዳምጠው ሲያበቁ “ሁሉም እውነት አላቸው” ብለው ፈረዱ። ስለዚህ ማንም አፍሮ ቤቱ አይግባ በሚለው በደጉ ሽምግልናችን መሠረት ነገሩ እንደ ድንበር መሬት ተከፋፈለ፤ ክንፉ የርግብ፣ ገላው የአንበሳ፣ ዘውዱ የንግሥት ሆነ። ከሸምበቆና ከሽቦ ሠርተን ስናቆማት፣ ከቆቦ ተፈናቅለው ከመጡት ሕፃናት አንዷ “ይቺ ዶሮ ለምን ኮፍያ አደረገች?” ብላ ጠየቀች። ለጥበባችሁ የቀረበ ምስጋና አድርጌ ወስጄዋለሁ።

፪. አንበሳው በግ ይመስላል ብዬ ስለተናገርሁ ጋሽ ንጉሴ ተቀየሙ። ደም እንዳፈሰሰ ሰው ዋስ እንድጠራ፣ ድንጋይ በማጅራቴ ተሸክሜም ይቅርታ እንድጠይቅ ስለፈረዳችሁብኝ አመሰግናለሁ፤ አንገቴ ዛሬም ያስታውሳችኋል። ዋስ የሆኑኝ የመኪናው ባለቤት ጋሽ ኑርሁሴን ናቸው። በዓሉ የእሳቸው ባይሆንም አይሱዙአቸውን በነፃ የሰጡን እሳቸው፣ “ወላሂ፣ አበባ ብቻ መስሎኝ እንጂ ይህን ሁሉ ክርክር እንደምትጭኑባት ባውቅ ጎማዋን በደንብ አስነፋት ነበር” ብለዋል።

፫. ትናንት ደግሞ ፍጥረቷ ፊቷን ወዴት ታዙር የሚል ጉዳይ ተነሣ። ወደ ወልድያ ብትዞር ወደ ጦርነት ሄደች፣ ወደ ደሴ ብትዞር ሸሸች ይባላል ተባለ። ነገሩ ከባድ በመሆኑ፣ ነገም ሰንበት በመሆኑ፣ ሳትቸኩሉ ለማክሰኞ ቀጠራችሁ። ደመራው ሰኞ ነው። መኪና ሲሄድ መዞሩ እንደማይቀር ላስታውሳችሁ አስቤ ነበር፤ ሁለተኛ ድንጋይ እንዳይጨመርብኝ ፈርቼ ወደ ሽቦዬ ተመለስሁ።

፬. ይኼኛው ቅሬታ አይደለም፤ ልመና ነው። አቤል ከነሐሴ ማብቂያ ወዲህ አልደወለም። ከዚያ ጀምሮ እናቴ ጥሩወርቅ ከግቢያችን በር አልወጣችም፤ ለለቅሶም፣ ለቤተ ክርስቲያንም። የርግቧን ነገር ስነግራት ግን “ለሰው አልወጣም፤ የልጄ ርግብ በደጄ ካለፈች እወጣለሁ” አለችኝ። ነጠላዋን ራሷ አጥባ ገመድ ላይ አስጥታዋለች፤ ደርቋል፣ ግን አታነሣውም። ሌሊቱን በመስኮት እያየችው ነው የምታድረው። የለቀምነው አደይ ደግሞ በርሜል ውስጥ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ጠርዙ መጥቆር ጀምሯል። ነገ ከግራና ከተማ በላይ ካለው ተራራ የቀረውን እንለቅማለን፤ ከዚያ ወዲያ የሚለቀም የለም። በደጃችን ዘውድ የጫነ በግ ቢያልፍ እናቴ የልጇን እጅ አታውቀውም። እባካችሁ አንበሳውንም ዘውዱንም አውርዱና ርግቧን ብቻዋን ልቀቋት። ለዚህ የሚያስፈልገውን ድንጋይ ሁሉ እሸከማለሁ፤ ልካችሁ አስመርጡልኝ፣ ትልቁን።

ጉልበታችሁን ስሜ፣ ምርቃታችሁን ከማክሰኞ በፊት የምጠባበቅ፣ ማጅራቴ የደነደነ ታዛዥ ልጃችሁ፣

ትንሳኤ ዓለምነህ

ማስታወሻ፦ ይህን ጦርነት መጀመሪያውኑ ለእናንተ ሰጥተዋችሁ ቢሆን ኖሮ፣ እስከ ዛሬ ሠራዊቱ ፊቱን ወዴት ያዙር እያላችሁ ከማክሰኞ ማክሰኞ ትቀጣጠሩ ነበር፤ አቤልም አሁን እዚህ ከእኔ ጋር ሽቦ ያጥፍ ነበር። ለዚያኛው ኮሚቴ ስላልተመረጣችሁ ከልቤ አዝናለሁ።