ላይ የተከልኩት ጧፍ

ይድረስ ለጥሩወርቅ፣ ለእኔዋ ጥሩዬ።

የማታ ትምህርት መምህራችን ደብዳቤ ሲያስተምሩን፣ ከስም ቀጥሎ ጤና ይጠየቃል ብለውናል። እኔም «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል» ብዬ ጻፍኩና ቆይቼ አየሁት። ሰረዝኩት። ለሞተ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጀመር እሳቸውም አላስተማሩን፣ እኔም ሰው ፊት መጠየቅ አልደፈርኩም። ስለዚህ እንዲሁ ልግባ።

ከተለየሽን ዓመት ሊሞላ ነው። ክረምቱ ተመልሶ መጥቷል። የቁስቋም መንገድ እንደ አምናው ጭቃ ነው፤ የጓዳዋ ቆርቆሮ አሁንም ታፈስሳለች፤ ሥሯ የምትደቅኚው ሳፋ እዚያው እንዳለ አለ። ልጃችን ሰብለ ቁመቷ ጨምሯል። ያንቺን ሰማያዊ ቀሚስ ለእሷ ልክ አድርጌ አሳጠርኩላት። ስፌቱን ብታይው ያው እንደ ልማድሽ ዝም ትያለሽ፣ እኔ ግን ልናገር፤ ጎንደር ውስጥ ልብስ ሰፊ ሞልቷል፣ እንደ እኔ ያለ ግን የለም።

አሁን ደግሞ ጸሐፊም ሆኛለሁ። ከክፍላችን የእኔን ያህል ያማረ ፊደል የሚጥል የለም። አጠገቤ የሚቀመጡት ጎረቤታችን አያ ታከለ፣ «ፊደልህ እንደ አንተው ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል» ይሉኛል። ይቀኑብኛል። ለምን እንደገባሁ ግን አልነገርኳቸውም። አንቺ ታውቂዋለሽ። አምና ለቡልጋሪያው ጉዞ ስነሣ ደጃፉ ላይ ኮቴን እያስተካከልሽ ያልሽኝ ነው፦ «ስትመለስ ባሕሩን በአፍህ አትንገረኝ፣ አንተ ቀልማዳ። ትምህርት ግባና ጽፈህ አንብብልኝ። አፍህ መዋሸት ለምዷል፤ እጅህ ገና አልለመደም።»

እነሆ በእጄ ልንገርሽ።

ከልብስ ሰፊዎች ማኅበራችን እኔና ሚዜዬ አበጀ ኮከብ ሠራተኞች ተብለን ለዕረፍት ቡልጋሪያ ስንላክ፣ ያንን ሰሞን ከተማውን እንዴት እንደሞላሁት ታስታውሻለሽ። ከፒያሳ እስከ ቁስቋም ያልነገርኩት ሰው አልነበረም። አውሮፕላኑ ላይ ስወጣ ግን ዓይኔን ጨፍኜ የአበጀን እጅ ይዤ ነበር። ይኸው፣ እጄ አልዋሸም።

ጥቁር ባሕር ይሉታል እንጂ ጥቁር አይደለም። እንደዚያ ቀሚስሽ ሰማያዊ ነው። ጣናን አይቻለሁና ውሃ ያስደንቀኛል አላልኩም ነበር፤ ይኼኛው ግን ዝም ብሎ አይተኛም፤ እየተነሣ ወደ ሰው ይመጣል። አሸዋው ላይ ሕዝቡ ሁሉ እንደ ተሰጣ እህል ተዘርግቷል። ሽማግሌው፣ አሮጊቷ፣ ሁሉም ራቁቱን በሚባል ሁኔታ ነው። የሴቶቹን የዋና ልብስ አይቼ መጀመሪያ ያሰብኩት ምን እንደሆነ ልንገርሽ? ከአንድ ያንቺ ቀሚስ ጨርቅ ስንቱ እንደሚወጣ ነው። አበጀ ከት ብሎ ሳቀ። ያኔ ገና ይስቅ ነበር። አብረን በኤሌክትሪክ የሚሄደውን አውቶቡስ ተሳፈርን፤ የፈረሰ ግንብ አስጎበኙን፣ እኔም ይኼማ ከእኛ ከፋሲል ግቢ ፊት አጥርም አይሆን ብዬ አስተርጓሚያችንን ተርጉምላቸው አልኩት። እዚያው የሚማር የአገራችን ልጅ ነበር። የተረጎመው ሌላ ነገር ይመስለኛል፣ ሰዎቹ አመሰገኑኝ።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ከቁርስ በኋላ የቡድናችን መሪ አበጀን ለብቻው ጠራው። ሲመለስ ፊቱ ተለውጦ ነበር። ምነው ስለው፣ ስለ መመለሻችን አውሮፕላን ነው አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አበጀ አልተላጨም። ባሕርም አልገባም። እኔ ስዋኝ እሱ ኮቱን እንደለበሰ ጥላው ሥር ይቀመጣል። ጺሙ ሲያድግ ደግሞ እኔ ዕረፍት አሳጣሁት። ይኼ ሰው ከጎንደር የመጣ መናኝ ነው፣ ኃጢአት ያለበት ይናዘዝለት እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ አስተረጎምኩ። ሁለት አሮጊቶች እውነት መስሏቸው እጁን ሳሙት። አሸዋው ላይ እስክንከባለል ሳቅሁ። እሱም ፈገግ ይልልኛል፤ እየተወኝ፣ እያሳቀኝ፣ የምበላውን እየገፋልኝ።

ጥሩዬ፣ አበጀ ለእኔ ሚዜ ነበር፣ ላንቺ ግን ወንድም። በሠርጋችን ማግሥት «እኅቴ ነሽ» ብሎ ከማለልሽ ጀምሮ፣ ስንጣላ ለማን ነበር የምትከሺኝ?

ወደ አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱን። እንደኛው ጧፍ አላቸው፣ ቀጭን፣ የሰም። አሸዋ የሞላበት ባለ ሁለት ደርብ የብረት ሣጥን አለ። ላይኛው በሕይወት ላሉት፣ ታችኛው ለሞቱት ነው ብሎ አስተርጓሚው ነገረን። እኔ ያንቺን ላይ ተከልኩ፤ ከሁሉ ቀና ብሎ እንዲታይ መሃል ላይ። አበጀ ጎንበስ ብሎ ታች ተከለ። ለማን ነው ስለው፣ ለዘመድ አለኝ። አባቱን አስቦ ነው አልኩና ተውኩት።

በማግሥቱ ማዕበል ነበረ። ሰው ሁሉ ወጥቶ ቆሟል። እኔ በየጥምቀቱ ፋሲል መዋኛ የምዘልል ሰው፣ ይኼ ምን ያደርገኛል ብዬ ገባሁ። አንሥቶ መታኝ። ሰማዩና አሸዋው ተገለባበጠብኝ፣ ጨው ጠጣሁ። ክንዴን ይዞ የጎተተኝ አበጀ ነው፤ ከነኮቱ፣ ከነጫማው። አሸዋው ላይ ሲያደርሰኝ አልለቀቀኝም። ይንቀጠቀጥ ነበር። «አንተ ደግሞ አትጨምርብኝ» አለኝ። ፊቱ ላይ የሚወርደው የባሕሩ ውሃ መሰለኝ። ብርድ ነው ብዬ ፎጣዬን ሰጠሁት።

ይኸው ነው ባሕሩ። ከዚያ ውሃ በጠርሙስ ሞልቼ አመጣሁልሽ፣ ጨው መሆኑን ካልቀመስኩ አላምንም ስላልሽ። ጠርሙሱን እስከ አገራችን በኮቱ ጠቅልሎ የተሸከመው እሱ ነው።

አዘዞ ስንደርስ አበጀ እዚህ ዘመድ አለኝ፣ ደክሞናል፣ እንደር አለኝ። ከተማው እኮ እዚያው አፍንጫችን ሥር ነው። እምቢ ብዬ እየጮኽኩ ተከትዬው ስገባ አያ ታከለን እዚያ ቤት አገኘኋቸው፤ ለገበያ መጥቼ ነው አሉኝ፣ አመንኩ። ያን ምሽት ስለ ባሕሩ አወራሁላቸው። የዋና ልብሱን፣ መናኙን፣ እጅ የሳሙትን አሮጊቶች፣ ያለኝን ሁሉ። ማንም አልሳቀም። ቀልዴ እንዲህ ከሽፎብኝ አያውቅምና ደጋግሜ ነገርኳቸው። የቤቱ እመቤት ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ።

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተከፈተ። የሠፈሩ ሰው፣ ካህኑ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ የመጡት ወንድሞችሽ፣ ሁሉም ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ቆመዋል። ተረዳሁ፣ ጥሩዬ። ሆድሽን ቆረጠሽ፣ ጎረቤት ተሸክሞ ሐኪም ቤት አደረሰሽ፣ አልዳንሽም። እኔ ባሕር ዳር ስንከባለል አንቺ ቁስቋም ተቀብረሽ፣ ሠልስትሽም ወጥቶ ነበር።

አበጀ ከኋላ ሆኖ በሁለት እጁ ትከሻዬን ይዞኛል። ዞር ብዬ ሰው ሁሉ ፊት፣ «የእሷን ሞት ይዘህ እኔን ዋና ታስዋኘኝ ነበር? ዓይንህን እንዳላይ» አልኩት። እጁን ከትከሻዬ አነሣ።

ለቅሶው ላይ አላስቀመጥኩትም። አርባሽም ሲወጣ ከግቢው ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ሥራ ቦታም ማሽኔን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፣ እንዳላየው። ያለ አንቺ ነገሩን የሚያበርድልኝ ሰው የለም፤ እኔና እሱ ስንኳረፍ የምትጠሪን አንቺ ነበርሽ። ሰብለ በልደት ዋዜማ «ጋሼ አበጀ ምነው አይመጣም?» ብላ ጠየቀችኝ።

በዚህ ሰሞን ሙት ዓመትሽን ልናወጣ ስንሰናዳ አያ ታከለ መጡ። ሚዜህ ዛሬም ጺሙን አልተላጨም፣ ደረቱ ላይ ደርሷል አሉኝ። ሰው ይበቃሃል ሲለው፣ «ይበቃሃል የሚለኝ እሱ ነው፤ ባለቤቷ እያለ እኔ ሐዘኗን አልቋጭም» አላቸው አሉ። ባሕሩ ዳር ያላገጥኩበት ያው ጺም ነው።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ። አፌ ሆኖ ቢሆን አበጀን ዘልዬው አልፍ ነበር፤ ስለ አውቶቡሱ ብቻ አውርቼሽ እንገላገል ነበር። በእጄ ስጽፈው ግን ከየመሥመሩ እሱ ወጣ። እኔ መርዶዬን ስሰማ አገር ሙሉ ሰው ደግፎኛል። እሱ የእኅቱን መርዶ ቁርስ የበላበት አዳራሽ በራፍ ላይ ቆሞ ሰማ። አንድ የሚይዘው ሰው አልነበረም። አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ እኔም እስቅበት ነበር።

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ መቀሴንና ምላጬን ይዤ ቤቱ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያየኝ ተነሣ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። እየተንተባተበ፣ «እዚያ ብነግርህ ማን ይይዝህ ነበር? እኔ አንድ ሰው ነኝ» አለኝ። «ቀና በል» አልኩት። ቀና አለ። ጺሙን ቆረጥኩለት፣ ላጨሁት። ጉንጩ ከስቷል፣ ጥሩዬ። ባየሽው ኖሮ በእኔ ላይ ትቆጪ ነበር።

ከዚያ ሰብለን ይዘን ሦስታችን ወደ አንቺ መጣን። መንገድ ላይ ያንን ጠርሙስ ከፍታ ቀመሰችው፤ ፊቷን አጨማዳ ተፋችውና አበጀን አይታ ሳቀች። እውነቴን እንደሆነ እሷ ትመስክርልኝ፣ ጨው ነው።

ዝናቡ አባርቶ ነበር። አበጀ ጧፉን ከራስጌሽ እርጥቡ አፈር ላይ ተከለ። እኔ የእኔን ይዤ ትንሽ ቆምኩ። ዓመቱን ሙሉ፣ እዚያ ሰው አገር ከሕያዋኑ ጋር ላይ ያቆምኩት ጧፍ በልቤ እንደበራ ነበር፤ ማንም አላወረደውም። ጎንበስ አልኩና ከእሱ ጧፍ ጎን ታች ተከልኩት። ነፋስ እንዳያጠፋቸው አበጀ ያንኑ ኮቱን ዘርግቶ ከለለላቸው።

አልረሳሽም። በየዓመቱ በዚህ ጭቃ መጥቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ሰማያዊውን ባሕር ከዚህ ደብዳቤ አነብልሻለሁ። አበጀም አብሮኝ ይቆማል፤ ከጨመርኩ ያርመኛል።

ያንቺው ቀልማዳ