ኮከብ ያስገኘው የመርዝ ወረቀት

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ፣ በተለይም አፍንጫዎ ከጉንፋን ነፃ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። አፍንጫን ለምን እንዳነሳሁ ወደ መጨረሻው እደርስበታለሁ። ደብዳቤውን በግቢው በር ላይ መለጠፌ እርስዎን ለመድፈር አይደለም። የሐሳብ መስጫ ሳጥኑን አቧራ የምጠርገው እኔ ስለሆንኩ፣ ከዚህ በፊት የጻፍኳቸው ሁለት ደብዳቤዎች ዛሬም እዚያው ተኝተው በቀዳዳው ይታዩኛል። ሦስተኛ ጨምሬ እንቅልፋቸውን መረበሽ አልፈለግሁም።

እኔ የታችኛው ፎቅ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ በዚሁ ግቢ በጎልማሶች ክፍል ነው። ከስሜ ቀጥሎ ያለማንም እርዳታ የጻፍኩት የመጀመሪያው ነገር «በረኪና፤ መርዝ ነው፤ አትንኩ» የሚል ነበር። በረኪናው በትልቅ ጀሪካን ይመጣል፤ ወገቤ ጀሪካን ማንሳት ስለማይችል በባዶ የውኃ ጠርሙስ እየቀዳሁ እሠራበታለሁ። ጥፋት መሆኑን አውቃለሁ። ሌላ ዕቃ እንዲገዛልኝ መጠየቄንም ሳጥኑ ይመሰክርልኛል። ውኃውን ከመርዙ የሚለየው እንግዲህ የእኔ ወረቀት ብቻ ነበር።

አሁን ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ የእንግሊዝኛ ወር ስላወጁልን አመሰግናለሁ። ልጆቹ «ሚስ ኳስ» የሚሏት ወጣት መምህርት ኳስ ትወረውራለች፣ የቀለበው ይናገራል። ክፍሉ አንድ ቀን ገበያ፣ አንድ ቀን ሆስፒታል ይሆናል። ሁለተኛ ክፍል ያለችው የልጄ ልጅ ሚጣ፣ በገዛ ቋንቋዋ እንኳ ሰላም ማለት የምታፍር ልጅ፣ ቤት ገብታ ድመቱን በእንግሊዝኛ ስታዝዘው ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እዚህ ላይ አላሾፍኩም።

ሁለተኛ፣ ወሩ እስኪያልቅ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ጽሑፍ በግድግዳም በዕቃም ላይ እንዳይታይ ስላዘዙ፣ እንዲህ ያለውን ወረቀት ልጦ ላመጣ ልጅም ኮከብ እንዲሰጠው ስለወሰኑ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በሦስቱ የበረኪና ጠርሙሶች ላይ የለጠፍኳቸው ወረቀቶቼ ሦስት ኮከብ አስገኙ። መልሼ ለጠፍኳቸው፤ ሌላ ሦስት ኮከብ። በዕቃ ክፍሌ በር ላይ «አትክፈቱ» የሚለው ተነሥቶም የሚስቅ መጥረጊያ ተሳለበት።

ሦስተኛ፣ ባለፈው ማክሰኞ ስለተደረገው የምግብ ቤት ጨዋታ። ልጆቹ ጠርሙስ አምጥተው፣ ራሳቸው የሳሉትን ወረቀት ለጥፈው፣ እንደ አስተናጋጅና እንደ ደንበኛ እየተነጋገሩ እንዲማሩ ታዘዙ። ሚጣ ከእኔ ክፍል አንዱን አነሣች። የአያቷ ውኃ መስሏት ነው። ብርጭቆ ሳለችበት፣ ከሥሩም በእንግሊዝኛ ጻፈችበት። ከትምህርት ቢሮ የመጡት እንግዶች ከኋላ ተደርድረው ተቀምጠዋል።

እኔ ኮሪደሩን እወለውል ነበር። ሽታው መጣ። እጄ ነው ብዬ አለፍኩ፤ ሃያ ዓመት እጄ የሚሸተው እንደዚያው ነውና። ሁለት እርምጃ ከሄድኩ በኋላ እጄ ጓንት ውስጥ መሆኑ ትዝ አለኝ። በክፍሉ በር ብመለከት ሚጣ የወረቀት ሽርጥ ታጥቃ ትቀዳለች፤ ጉንፋን የያዘው፣ ምንም የማይሸተው ደንበኛዋ ኩባያውን ወደ ከንፈሩ አስጠግቷል። እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ኩባያው ተወርውሮ በመምህርቷ ሰማያዊ ቀሚስ ላይ ፈሰሰ።

«እማማ፣ ምን ነካዎት? ጨዋታ እኮ ነው!» አለችኝ መምህርቷ። እንግዶቹ የጨዋታው ክፍል መስያቸው አጨበጨቡ። አንደኛው እንዲያውም «አሮጊቷ ዋና ተዋናይ ናት!» አለ። ሰማያዊው ቀሚስ በዓይናቸው ፊት እየነጣ ሲሄድ ነው ጭብጨባው እየሳሳ የቆመው።

አራተኛ፣ በማግስቱ ለደረሰኝ ማስጠንቀቂያ። ለእኔ ክብር ሲሉ በእንግሊዝኛ ስላስጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ሚጣ በጣቷ እየተከተለች አነበበችልኝ። የገቧት ሁለት ቃላት ብቻ ናቸው፤ «ጨዋታ» እና «የመጨረሻ»። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ።

ክቡር ሆይ፣ እፈራለሁ። ሚጣ ከማክሰኞ ወዲህ እኔ ካልቀመስኩላት ውኃ አትጠጣም። አሸታለሁ፣ እጎነጫለሁ፣ እሷ ፊቴን እያየች ትጠብቃለች። ሰባት ዓመቷ ነው። ጠርሙሶቹን ከጠዋት ጀምሮ በከረጢት ተሸክሜ እዞራለሁ፤ ሽንት ቤት እንኳ ይዣቸው እገባለሁ። ነገ ብታባርሩኝ ለማን ላስረክባቸው? የምትተካኝ ሴት በምን ትለያቸዋለች? ወሩ ሊያልቅ ገና አሥራ አንድ ቀን ይቀረዋል። ሚስ ኳስ እስከ ዕቃ ክፍሌ ድረስ መጥታ አልቅሳለች። «ወረቀቱን ልመልስልዎ ነበር እማማ፣ ግን እሳቸውን እፈራለሁ» ብላኛለች። እኔም እፈራዎታለሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ በረኪና ግን ይገባል።

የምለምንዎ ሦስት ወረቀት ብቻ ነው። እንግሊዝኛው ከላይ ይሁን፣ የእኔው ከሥሩ ይለጠፍ። ኮከብም አልጠይቅም።

የረገጡትን ወለል ሁሉ ከኋላዎ እየወለወልኩ፣ ዕድሜና ማስተዋል አብዝቶ እንዲሰጥዎ የምለምን፣

የታችኛው ፎቅ ጽዳት፣ የሚጣ አያት

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ በማስረጃነት የተያዘው ጠርሙስ በቢሮዎ መስኮት ደፍ ላይ፣ ከሚጠጡት ውኃ አጠገብ ተቀምጧል። ገና ከግማሽ በላይ ነው፤ ሚጣ የሳለችው ብርጭቆም አምሮበታል። ማስረጃ አይነካም ስለተባልኩ አላነሣሁትም፤ በራሳችን ፊደል መጻፍ ስለተከለከለ ምንም አልጻፍኩበትም። ለጸሐፊዎ ብነግራት «ማመልከቻ ይጻፉ» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩ። ማመልከቻዬ መልስ እስኪያገኝ ድረስ፣ እባክዎን፣ ከመጠጣትዎ በፊት ያሽትቱ።