ጆሮው ወደ እጁ ስለ ተጎተተ ተማሪ

ለክቡር የአዳማ ከተማ ሹም፤

ለክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ ጤናውን አብዝቶ ይስጥልኝ፤ ልጆችዎም በያሉበት ደኅና ይሁኑልኝ። እኔ ቆዳ ነጋዴው መርዳሳ ፈዬራ፣ ደኅና ነኝ ማለት ልማድ ስለ ሆነ፣ ደኅና ነኝ። በአደባባይ የምጽፈው ምስጋናዬ ደጅዎ ላይ ተቀምጦ እንዳይቀር ብዬ ነው።

አንደኛ፤ የትምህርት መግቢያው ዕድሜ ከሰባት ወደ አምስት ዓመት ወርዷል፣ ልጁን ያልላከም ይታሰራል የሚለውን አዋጅ ስላስነገሩልን እናመሰግናለን። አዋጁ ዕድሜውን ሲያወርድ መለኪያውን ማውረድ ስለ ረሳ፣ የልጄ የወዬሳ ቀኝ እጅ በአናቱ ዞሮ ግራ ጆሮው ጋ አልደረሰም ነበር። ዘበኛዎ አቶ ሐዲስ ግን ቸር ሰው ናቸውና አንገቱን ጎንበስ አድርገው ጆሮውን ወደ እጁ ጎተቱለትና ደርሷል አሉ።

ሁለተኛ፤ ትምህርት ቤቱን ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ስላደረጉልን እናመሰግናለን። የአምስት ዓመት ልጅ በአዳማ ቀትር እንቅልፍ ይጥለዋል። አስተማሪው ያንቀላፋውን ወዬሳን ከክፍል አስወጡት፤ እሱም ጥላ ፍለጋ ባዶ ፉርጎ ውስጥ ገብቶ ተኛ። ባቡሩም ፉርጎውን ይዞ ወደ ድሬዳዋ ወረደ።

ሦስተኛ የምለው ነበረኝ፤ ጠፋብኝ።

ጸሐፊዎ፣ ልጁ ተማሪ ስለ ሆነ የተገኘበት ቦታ ስሙን ከነአባቱ ተናግሮ ይመለሳል ብለው አጽናንተውኛል። እውነት ነው፣ ወዬሳ ከሀ እስከ ሆ አሳምሮ ይቆጥራል። የማን ልጅ ነህ ሲሉት ግን «አባኮ» ነው የሚለው፤ በኦሮምኛ የአባቴ ማለቱ ነው። ሌላ ስም እንዳለኝ ገና አልነገርነውም፤ ሰባት ዓመት እስኪሞላው ይደርሳል ብለን ነበር። ስለዚህ በየጣቢያው ስልክ ያስደውሉልኝ፤ አባኮ የሚል ልጅ በተገኘበት ሁሉ እየሄድኩ አያለሁ። ሚስቴ ቡዜ ማልቀስ አቁማለች፤ እኔ አልጀመርኩም።

ቆዳ ሳስረክብ ደረሰኝ የምጠይቅ፣ ልጄን ሳስረክብ ግን ያልጠየቅሁ፣ ታዛዥ አገልጋይዎ
መርዳሳ ፈዬራ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፤ ዛሬ ጠዋት አቶ ሐዲስ የወዬሳን ታናሽ እኅት ዲንቄን ሊለኩ መጥተው ነበር። እጇ ጆሮዋ ጋ ሳይደርስ አናቷ ላይ ስለ ቀረ ትተዋት ሄዱ። እሷ ግን እናቷ እጇን ራሷ ላይ ጭና መቀመጧን አይታ የራሷንም አላወረደችም። ይህንንስ ያለ አዋጅ፣ ገና በሦስት ዓመቷ ተማረች።