የሚስተር ስቶልዝ አውራ ጣት

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 14
ዛሬም ሁለት ሙዚየሞች ማመልከቻዬን አልተቀበሉም። በአክብሮት ነው የጻፉት... አክብሮታቸው ራሱ ደከመኝ። በታሪክ ዲግሪ ይዤ እስካሁን ያገኘሁት የሚስተር ብሩቤከር ሳንቲም ሱቅ ውስጥ ጊዜያዊ ሥራ ነው።
ግን አንድ ነገር አለ። ሚስተር ስቶልዝ የሚባሉ ሽማግሌ የሳንቲም ስብስባቸው ለጨረታ ሊወጣ ነው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት መንግሥት ለሙከራ አስመትቶ፣ ሳይወዳቸው የተዋቸው ሳንቲሞች። ገበያ አልወጡም፣ ዳቦ አልተገዛባቸውም። ቤታቸው እየሄድኩ ፎቶ አነሳለሁ፣ መግለጫ እጽፋለሁ።
"ያለ እንከን ከጨረስሽ ቋሚ ነሽ" አለኝ ሚስተር ብሩቤከር። "ጠርዝ ጠርዙን ያዢ። ፊቱን የነካሽ ቀን ግን ሌላ ሥራ ፈልጊ።"
ቋሚ... አውቶቡስ ውስጥ ደጋግሜ አልኩት።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 16
ሚስተር ስቶልዝ ዓይናቸው ጠፍቷል። ማንም አልነገረኝም። በር የከፈተችልኝ ልጃቸው ጆአን ናት፤ ሽያጩንም የምታስፈጽመው እሷ ናት።
ሳንቲም ባነሳሁ ቁጥር ጆሯቸውን ያቀናሉ።
"ጠርዙን ነው የያዝሽው?"
"ጠርዙን ነው።"
"ስታወሪ ደግሞ ፊትሽን አዙሪ። መዳብ ላይ ምራቅ ጠብ ካለ ነቁጥ ሆኖ ይቀራል።"
ጆአን ከወጥ ቤት፦ "ተጠንቀቂ፣ የአክስቴን ባል ከገና ማዕድ ያስነሳ ሰው ነው። አንዷን ነክቶበት።"
"ለዚያውም ቅቤ በቅቤ በሆነ ጣት" አሉ። ጆአን ትምህርት ቤት እያለች የሆነ ነው፤ አሁንም አልበረደላቸውም።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 20
በረዶ። አውቶቡሱ ዘገየ። እግሬ እስካሁን አልሞቀም።
ዛሬ የመዳቧን ሳንቲም አወጣሁ። ከሁሉም የሚወዷት እሷን ነው። የሴት ፊት፣ ጸጉሯ በጥብጣብ የታሰረ። ምን እንደሚታየኝ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ከዚያ...
"አንድ ጊዜ ልንካት?"
በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። "ምን አሉ?"
"አርባ ዓመት በጠርዟ ነው የያዝኳት። ማየት ስችል በቂዬ ነበር። አሁን በምን ልያት?"
"የእርስዎ አይደለች እንዴ?" አልኩ። ይሄ ምን ዓይነት መልስ ነው?
"ጆአን ፈርማለች፣ ልጄ። አሁን በአንቺ እጅ ናት።"
ብርሃኑ እየሄደ ነው፣ ሌላ ቀን እንቀጥል ብዬ ወጣሁ። ለማያይ ሰው... ብርሃኑ እየሄደ ነው።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 22
የጣት ቅባት መዳብ ላይ ወዲያው አይታይም። ቆይቶ ጠቁሮ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ አይለቅም። የጥፍር ቀለም በሚያስለቅቀው በአሴቶን ቶሎ ከታጠበ ግን ይድናል። ጠርሙሱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። እንግዲያው ምን ያስፈራኛል? ይነኳታል፣ አጥባታለሁ... ማን ያውቃል?
ጆአንን ሳልጠይቅ ግን አላደርገውም።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 24
ስነግራት ጆአን ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ጠፋ። የሞቀ ውሃና ሳሙና አምጥታ የአባቷን እጅ ጣት በጣት አጠበች፣ አደረቀች።
"አባዬ፣ የአክስቴ ባል ይህን ባየ።"
"ዝም በይ እስቲ፣ ሥራ ላይ ነኝ።"
መዳፋቸው ላይ አኖርኳት። በአውራ ጣታቸው ዳበሷት... አፍንጫዋን፣ ጥብጣቧን፣ ጉንጯን። ቆዩ።
"ይኸው ነው?" አሉ።
"ምኑ?"
"እንደ ማንኛውም ሳንቲም ናት እኮ።" ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "እኔ ለዚህ ነው ስንት ሰው ያስቀየምኩት?"
ግን አልመለሷትም። እንደጨበጧት ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጆአን ብርድ ልብስ ደረበችላቸው። ሲነቁ ሰጡኝ፤ ወደ ሱቁ ልወስዳት ይዣት ወጣሁ።
አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ጠርሙሱን አወጣሁ። መልሼ ከተትኩት። ለምን? ደክሞኝ ነው ልበል... አይደለም። ላጥባት አልፈለግኩም።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 11
የጣታቸው አሻራ ወጣ። ጉንጯ ላይ፣ ቡናማ፣ መስመር በመስመር።
ሚስተር ብሩቤከር በማጉያ መነጽሩ ደጋግሞ አየው። ሁሉንም ነገርኩት።
"አሴቶን አልነበረሽም?"
"ነበረኝ።"
"ታዲያ?"
"አላጠብኩም።"
አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ማጉያውን አጥፎ "ጎበዝ ነበርሽ እኮ" አለኝ። ነበርሽ... ከሰኞ ጀምሮ እንዳልመጣ።

ሐሙስ፣ ማርች 6
ሌሎቹ ሁሉ ተሸጡ። አንድ ሙዚየም ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። ሱቁን ለምን ለቀቅሽ ማለታቸው አይቀርም። እንዳለ ልነግራቸው ነው፤ ካልወደዱትም...
ከሰዓት በኋላ እነ ጆአን ቤት ሄድኩ። የመዳቧን ከጨረታው አውጥታ ለአባቷ መልሳላቸዋለች። የት ያስቀምጧታል? ሱሪ ኪሳቸው ውስጥ፣ ከቁልፍና ከዝርዝር ሳንቲም ጋር። ሲራመዱ ይንሿሿል።
"ነይ፣ እስቲ እያት" ብለው ዘረጉልኝ።
በጠርዟ ይዤ ተቀበልኳቸው። በምን እንዳወቁ እንጃ።
"አሁንም ጠርዙን ነው የያዝሽው?" አሉ።
አውራ ጣቴን ጉንጯ ላይ አሳረፍኩ።