ከድንኳን የተረፈ ገመድ

ዓርብ

ሙሌ ቀረ። የእህቱ ልጅ ክርስትና እሁድ ነው አለኝ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ «እንወርዳለን፣ እንወርዳለን» ሲል ከርሞ! ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ሕንጻ ላይ ጎን ለጎን ተንጠልጥለን መስታወት ስናጥብ አራት ዓመታችን ነው። ቁጣዬን ለምዶታል፣ ሰኞ ያናግረኛል።

ብቻዬን እሄዳለሁ። ከወጨጫ ተራራ ጀርባ ያለውን ገደል ባለፈው በጋ ከላይ ሆነን አይተነዋል። ውሃው ድንጋዩን እየሰነጠቀ የወረደበት ጠባብ ቦታ ነው። ሦስት ፏፏቴ አለው፤ በገመድ አንድ በአንድ ወርዶ በታች በኩል መውጣት ነው። «ምን ይጠቅምሃል?» ይሉኛል። በሳምንት ስድስት ቀን የሰው ቢሮ በውጭ በኩል እያየሁ እወርዳለሁ። አንድ ቀን ለራሴ ልውረድ፣ በቃ።

ቅዳሜ

ዕቃ፦ ቀበቶ፣ ሄልሜት፣ መውረጃ ብረት፣ ሁለት አጫጭር ገመድ፣ ዳቦ፣ ኦቾሎኒ፣ ስልክ በፌስታል።

ስልሳ ሜትሩ ገመድ አልጋዬ ሥር የለም። ቤቱን ቀወጥኩት። ለካ እማዬ ለዕድር አውሳዋለች! ማክሰኞ ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ ሲያርፉ፣ ድንኳን ሊተከል ሲል የዕድሩ ገመድ በስብሶ ተገኘ። ከእኛ ቤት ወሰዱ። ሦስት ቀን እዚያ ድንኳን ውስጥ ለቅሶ ተቀምጬ ቀና ብዬ አላየሁም።

«የለቅሶ ነገር እምቢ ይባላል እንዴ?» አለችኝ።

እሱስ አይባልም። ግን ጮህኩባት። ነፍሴን የማንጠለጥልበት ነው፣ የልብስ ማስጫ መሰለሽ ወይ አልኳት። ከጓዳ አመጣችው፤ ታጥቦ፣ እንደ ነጠላ ተጣጥፎ። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። እኔም ሳልፈታው ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት።

ነገ የእሁድ ሥራ አለኝ ብያታለሁ። ሙሌም የተውኩት ይመስለዋል፤ የት እንደምሄድ የሚያውቅ ሰው የለም። ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። ይህን እያወቅኩ ነው የዋሸኋት።

እሁድ

ሕይወቴ ተርፏል። መጀመሪያ ይሄ ይጻፍ።

ሦስት ሰዓት ላይ ገደሉ አፍ ላይ ነበርኩ። ጉም። ጣቴ ደንዝዟል። ገመዱን ዛፍ ላይ አዙሬ፣ ሁለቱን ጫፍ አገጣጥሜ ቋጠርኩና ወረድኩ። ከታች ሆኜ ቋጠሮውን ፈታሁና አንዱን ጫፍ ስስበው ሌላው ተከትሎ መጣ። ሕጉ ይኸው ነው፤ ገመዱን አንዴ ከሳብከው ወደ ላይ መመለስ የለም።

ሁለተኛው ፏፏቴ ሠላሳ ሜትር አይሞላም ብለን ገምተን ነበር። ስልሳው ሲታጠፍ ሠላሳ ነው፣ ይበቃል። ውሃው ትከሻዬን እየደበደበኝ ስወርድ መውረጃው ቋጠሮው ላይ ቆመ። ወደ ታች አየሁ። ከእግሬ እስከ ድንጋዩ የአንድ ፎቅ ቤት ያህል ባዶ።

ጫፉን ዳበስኩት። እኔ የገመዴን ጫፍ በእሳት አቅልጬ ጥቁር ፕላስተር እጠቀልልበታለሁ። ይሄኛው በቢላዋ የተቆረጠ፣ የተተረተረ ነው። ጠዋት በእጄ ስቋጥረው እንዴት አላየሁም? ሙሌን በልቤ እየሰደብኩ ነበራ!

አለቀስኩ። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ እማዬን ጠራሁ። ከዚያ ሁለቱን አጫጭር ገመዶች ዋናው ገመድ ላይ ጠምጥሜ፣ አንዱን ወደ ላይ እየገፋሁ ሌላው ላይ እየቆምኩ፣ ስንዝር በስንዝር ተመልሼ ወጣሁ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ገመዱን ሳላጥፍ በአንድ ጫፉ አስሬ ዳግም ወረድኩ፤ ደረሰ። ግን እንዲህ የታሰረ ገመድ ከታች አይፈታም። ትቼው ሄድኩ።

ሦስተኛው ላይ ባዶ እጄን ነኝ። ኩሬው ውስጥ ዘለልኩ። ጥልቅ አልነበረም። ቁርጭምጭሚቴ ሲሰበር ሰማሁት። ስልኬ ኔትወርክ አልነበረውም፤ እየዳኽኩ በታች በኩል ወጣሁ።

እንጨት በአህያ የጫኑ አንድ ሽማግሌ አገኙኝ። አማርኛቸው ትንሽ ነው፣ የእኔ ኦሮምኛ ደግሞ የባሰበት። «ጀባዱ፣ ጀባዱ» ይሉኛል፤ በርታ ማለታቸው ነው። እንጨታቸውን አራግፈው እኔን ጭነው አስፋልት አደረሱኝ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም።

ሰኞ

ቤቴል ክሊኒክ። ጀሶ። ሁለት ወር ገመድ ላይ መውጣት የለም። እማዬ ወጌሻ ካልመጣ ብላ ነበር፣ ተቆጣሁ።

ሁሉንም ነገርኳት፤ በዚህ እግር ምን እዋሻለሁ? ገመዱ ተቆርጦ ነበር ስላት የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ ወጣች። ደነገጠች መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ ሆኜ የማስበው አንድ ነገር ነው። ማን ቆረጠው? የዕድሩ ዕቃ ኃላፊ ጋሽ ወልዴ? ድንኳን የተከሉት ጎረምሶች? የጋሽ ደምሴ ልጆች? ቆርጦ፣ ዝም ብሎ አጣጥፎ መመለስ! ያገኘሁት ቀን አንቀዋለሁ። ይህን ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ጎረቤት ሁሉ ይስማ ብዬ።

ሙሌ መጣ። ስለ ዓርቡ ምንም አላለም። ሲወጣ ግን «እናትህ ምን ሆነዋል?» አለኝ። ምን ይሆናሉ፣ አልኩት።

ማክሰኞ

እማዬ ምሳ አልበላችም። ትናንትም አልበላችም።

ጋሽ ወልዴ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። እግዜር ይማርህ እንኳ ሳይሉ ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ገመዴን ማን ነው የቆረጠው?» እሳቸው እኔን አላዩም፤ እማዬን አዩ። ሻያቸውን ፉት አሉ። «ዝናብ ነበር እኮ ልጄ፣ ግርግር ነው» አሉ። ሻዩን ሳይጨርሱ ተነሱ።

እስካሁን ያ አስተያየታቸው ዓይኔ ላይ አለ። ሊሆን አይችልም።

ረቡዕ

ጠዋት ራሷ ነገረችኝ። እንደ ቆመች፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ።

«ንፋሱ ድንኳኑን ሊወስደው ነው። አጭር ገመድ ለጎን አምጡ አሉ። የሰው ዕቃ ነው ብለው ጋሽ ወልዴ ቢላዋውን አስቀመጡት። እኔ ነኝ አንስቼ የቆረጥኩት። ገመድ አይደል ብዬ፣ ረጅም ነው ብዬ።»

«ቅዳሜ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁህ» አለች።

ይሄን ቃል ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰረዝኩት። እዚያ ገደል ላይ ተንጠልጥዬ የጠራኋት እናቴ እኔን ፈርታ ነው ዝም ያለችው። ቅዳሜ አፏን ከፍታ የተወችው ይህን ነበር። «ገመዱን ቆርጬዋለሁ»፤ ሁለት ቃል ነው። ያን ሁለት ቃል እንኳ አላስተነፈስኳትም።

«ልትሞትብኝ ነበር?» አለችኝ።

«አይ እማዬ፣ ትንሽ አጠረ እንጂ» አልኳት። አላመነችኝም። ነይ ቁጭ በይ አልኳት፣ ቀስ ብዬ፣ በማላውቀው ድምፅ። ስላልለመደችው ነው መሰለኝ አልመጣችም። ይህን ስጽፍ በሩን ተደግፋ ቆማለች፤ መቼ እንደምጮህ እየጠበቀች።