ቀጥታውን መስመር ያስተማሩን መምህርት አሰፋሽ ሸጋው

መምህርት አሰፋሽ ሸጋው ከአባታቸው ከአቶ ሸጋው መኰንን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልማዝ ተገኘ እ.ኤ.አ. በ1964 በጎንደር ክፍለ ሀገር፣ በወገራ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት ዘግይተው፣ በአሥር ዓመታቸው ቢሆንም በሒሳብ የሚቀድማቸው አልነበረም። በ1984 ቤተ እስራኤል የሆነው ቤተሰባቸው ወደ ኢየሩሳሌም ለመድረስ በእግር ወደ ሱዳን ሲጓዝ ወይዘሮ አልማዝ መንገድ ላይ አረፉ። እናታችን አሰፋሽ በመንገድ የቀሩት ወደሚታሰቡበት ወደ ኢየሩሳሌሙ ሄርዝል ተራራ ወጥተው የእናታቸውን ስም ሳያነሱ ያለፈ ዓመት የለም።

ኢየሩሳሌም ገብተው በኡልፓን፣ በአዲስ ገቢዎች የቋንቋ ትምህርት ቤት፣ ዕብራይስጥ ተማሩ። በ1989 የአውቶቡስ ሹፌር የሆኑትን አቶ ኤሊያሁን አግብተው እኛን፣ ያይርንና ኔታን፣ ወለዱ። በ1992 ከመምህራን ኮሌጅ ተመርቀው በሃነቪኢም መንገድ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ጀመሩ።

በ2011 ኦሽሪት የምትባል ተማሪያቸው ፈተና ወድቃ ወደ ዝቅተኛው የሒሳብ ክፍል እንድትወርድ ተወሰነ። ከዚያ ክፍል ዩኒቨርሲቲ የሚገባ እምብዛም ነው። እናታችን «ሁለት ሳምንት ስጡኝ» ብለው ለመኑ። ልጅቷ ግን «ሒሳብ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ልጆች አልተፈጠረም» አለቻቸው።

 በከተማው የኢትዮጵያ መንገድ ወዳለው የኢትዮጵያ ገዳም ይዘዋት ሄዱ። ወዳጃቸው እማሆይ እኅተ ማርያም በውሃ ጎማ በርሜል እየሞሉ ነበር። ውሃው ሃያ ሳንቲ ሜትር ደርሷል፤ ኦሽሪት በማስመሪያ ብትለካው በየደቂቃው አራት ይጨምራል። እናታችን «ያየሽውን ጻፊው» አሏት። ከፍታው ሃያ ሲደመር አራት ጊዜ ደቂቃው ብላ ጻፈች። ደቂቃውን አግድም፣ ከፍታውን ሽቅብ አድርጋ ነጥቦቹን በካሬ ወረቀት ላይ ብታኖር ቀጥ ብለው ተሰለፉ። መስመሩን አስረዝማ፣ «የበርሜሉ አፍ ሰማንያ ላይ ነው፤ በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ይሞላል» አለች።

በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ጢም አለ። እማሆይ ሳቁና «እኔ እኮ እስኪፈስ ነበር የምጠብቀው፣ ልጄ» አሏት።

ኦሽሪት ከሁለት ሳምንት በኋላ ፈተናውን ዳግም ተፈትና አልፋ ከክፍሏ ሳትወርድ ቀረች። እናታችንም በኔቬ ያዕቆብ ሰፈር በየረቡዑ ነጻ የሒሳብ ክፍል ከፈቱ። ሻማ በሰዓት ስንት እንደሚያጥር፣ የአባታችን አውቶቡስ በደቂቃ ስንት እንደሚርቅ እያስለኩ እኩልታ ያስጽፉ፣ ግራፍ ያስሥሉ ነበር። ሁሉም አላለፉም፤ የወደቀውን ግን ቤቱ ድረስ ሄደው ይመልሱት ነበር።

ከ2022 ጀምሮ ኩላሊታቸውን ቢታመሙም ረቡዕን አላስታጎሉም። ከማረፋቸው ሁለት ቀን በፊት ኦሽሪትን አስጠሩ፤ እሷም ዛሬ የሒሳብ መምህርት ናት። «የምቀበረው ረቡዕ ከሆነም ክፍሉ እንዳይዘጋ። ልጆቹ ሰኞ ፈተና አለባቸው» ብለው አደራ ሰጧት።

ትናንት ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2025፣ በስልሳ ዓመታቸው አረፉ። አንድ ባል፣ ሁለት ልጆችና ሦስት የልጅ ልጆች ትተዋል። ዛሬ ረቡዕ ከቀብር መልስ በኦሽሪት አስተማሪነት ክፍሉ እንደ ወትሮው ይከፈታል፤ ተማሪዎች ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ።

የአብርሃምና የሣራ አምላክ ነፍሳቸውን በሕያዋን ማሰሪያ ያኑርልን፤ ሰኞ ለሚፈተኑት ልጆቻቸውም ብሩህ አእምሮ ይስጥልን። አሜን።