ቁጥር አንድ፦ የእናቴ ጉድጓድ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን
ከጠርሙስ ማጠቢያው ክፍል

ለምወድሽ ልጄ፣ እጄ ባይደርስም ሐሳቤ ጠዋት ማታ ለሚያቅፍሽ ለሚጢጢዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ብርዱ እንዴት አደረገሽ? የላክሁልሽን ሹራብ ትለብሻለሽ ወይስ ቀለሙ አስጠላሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው፤ ደረጃ ስወጣ ብቻ ትንሽ ያጉረመርማል፣ ስወርድ ይታረቀኛል። ዛሬ ግን ከደህናም በላይ ነኝ፤ ደስ ብሎኛል። በስልክ ብነግርሽ "እማዬ፣ ባጭሩ" ትይኛለሽ። ወረቀት ደግ ነው፤ ባጭሩ አይልም። ስለዚህ ሻይሽን ያዢና ተቀምጠሽ አንብቢው። መጨረሻውን ለማየት ገጽ እንዳትገልጪ! በልጅነትሽም ተረት ስነግርሽ መጨረሻውን ካወቅሽ ጥለሽኝ ትተኚ ነበር።

ባለፈው ደብዳቤዬ ገምጋሚዎች ሊመጡ ነው ብዬሽ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎቹን ሁሉ እየዞሩ አይተው የትኛው አንደኛ፣ የትኛው ውራ እንደሆነ ደረጃ የሚያወጡት ናቸው። ያልነገርኩሽ ነገር ቢኖር፣ ውጤታችን ከወደቀ የውሃ ቤተ ሙከራው ተዘግቶ ዕቃው ለትልቁ ዩኒቨርሲቲ ሊሰጥ እንደነበር ነው። ማይክሮስኮፑ፣ ማቀዝቀዣው፣ አንቺ "ሽማግሌው" የምትይው ሚዛን ሳይቀር። እኔም ከጠርሙሶቼ ጋር መሰናበቴ ነበር። ከሁሉ የባሰው ግን ማክሰኞ መቅረቷ ነው። እንዳታስቢ ብዬ ነው የደበቅሁሽ፤ አትቆጪኝ።

ማክሰኞን የወለድሻት አንቺ ብትሆኚም አሁን ያላትን ቁመት አታውቂም። አንቺ ስትሄጂ ማክሰኞ ማክሰኞ የጉድጓድ ውሃ ሊያስመረምር ይዞ የሚመጣው ሰባት ስምንት ሰው ነበር። አሁን አርባ ይደርሳል። ሰው ውሃውን በጀሪካንም በሳፋም ይዞ ይመጣል፤ እኛ ካጠብኩት ጠርሙስ አንዱን ሰጥተን እንሞላለን፣ ቁጥር እንለጥፋለን፣ በሳምንቱ "ይጠጣል" ወይም "አይጠጣም" የሚል ወረቀት ይወስዳል። በነጻ ነው፤ እንዳስጀመርሽው።

እንግዲህ ዲናችን፣ እናንተ ተማሪ ሳላችሁ "ከረባት" ያላችሁት፣ ገምጋሚዎቹ ሊመጡ አንድ ወር ሲቀረው እንቅልፍ አጣ። በሩ ቀለም ተቀባ። ከሆቴሉ የአበባ ማሰሮ ተለምኖ መጣ። ሠራተኛውን ሁሉ አዳራሽ ሰብስቦ "የአንድ ዩኒቨርሲቲ ክብር የሚለካው በታተመ ጥናት፣ በፕሮፌሰር ብዛትና በውጭ አገር ተማሪ ነው" አለን። እኔ አፌ መቼ ያርፋል፣ እጄን አወጣሁ።

"ለካዮቹ እነማን ናቸው?"

"ገምጋሚዎቹ ናቸዋ።"

"እነሱንስ ማን ለካቸው?"

ሲናደድ "እርስዎ" የሚለኝን ትቶ "አንቺ" ይለኛል። "አንቺ ጠርሙስሽን እጠቢ!" አለኝ። አጠብኩ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጠርሙስ፣ በሙቅ ውሃ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ። አልተቀየምኩትም፤ የሸሚዙ ጀርባ በላብ ርሶ ነበር፣ አሳዘነኝ።

ሰኞ ጠዋት ደግሞ መጣና "እንግዶቹ የሚገቡት ነገ ነው። ነገ ማክሰኞ የለም። ጀሪካን የያዘ ሰው ግቢ ውስጥ እንዳላይ፤ ለሕዝቡ ይንገሩልኝ" አለኝ። እኔም ማክሰኞ ለማይቀረው ለባለ ጋሪው ነገርኩት፤ ለሱ መንገር ማለት ለከተማው በድምፅ ማጉያ መንገር ነው። "ነገ እንዳትመጡ፤ ከላይ ትላልቅ ምሁራን ይመጣሉ" አልኩት።

"ውሃም ያያሉ?" አለኝ።

"ሁሉንም ነው የሚያዩት፤ ውሃውንም ያያሉ" አልኩት። ጥፋቴ ይቺ ናት።

ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ስመጣ ሰልፉ ከቤተ ሙከራው በር ተነስቶ፣ በአበባ ማሰሮዎቹ መሀል አልፎ፣ አዲስ ቀለም የተቀባውን በር ወጥቶ፣ ልብስ ሰፊው ሱቅ ጋ ደርሷል። ቆጠርኩት፤ ዘጠና ሦስት ሰው! ከረባት ከወዲያ እየሮጠ መጣ፤ ከረባቱ ወደ ትከሻው ዞሯል።

"አንቺ ነሽ የጠራሻቸው?"

"ኧረ ጌታዬ፣ እንዳትመጡ ነው ያልኳቸው።"

"ታዲያ ምን አደረጉ?"

"መጡ።"

ባለ ጋሪው ከሰልፉ ሆኖ "እኛ ሞኝ ነን እንዴ?" አለ። "ትንሹ ሐኪም ባለበት በየሳምንቱ ተሰልፈን፣ ትልቁ ሐኪም በመጣ ቀን እቤታችን የምንቀመጥ?" ሰዉ ሳቀ። ከረባት ዘበኛውን ጠርቶ "በትናቸው!" አለው። ዘበኛው ራሱን እያከከ "ጌታዬ፣ እናቴ ሰልፉ ውስጥ ናት" አለ። ይሄኔ የገምጋሚዎቹ መኪና በበሩ ገባች።

የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ አጠር ያሉ አሮጊት ናቸው፤ ዝርግ ጫማ፣ በክር የታሰረ መነጽር። አበባውንም በሩንም አላዩም። ቀጥ ብለው ወደ ሰልፉ መጡና "ይሄ ምዝገባ ነው?" አሉ። ከረባት "አይ... እሱ እንኳ... የኅብረተሰብ..." ሲል ባለ ጋሪው ቀደመው።

"ውሃ ልናስመረምር ነው፣ እመቤቴ።"

"ታዲያ ለምን እዚህ? ትልቁ ዩኒቨርሲቲ እኮ ሩቅ አይደለም። ታዋቂ ነው።"

"ታዋቂ ነው፤ እሱ ይታወቃል እንጂ እኔን አያውቀኝም" አላቸው። "እነዚህ ግን ሳምንት ከቀረሁ 'ምነው ጠፋህ፣ ውሃህ ደህና አይደለም እንዴ?' ይሉኛል።"

ፀጉር ሠሪዋም ጣልቃ ገባች፤ ቆዳ ፋብሪካው አጠገብ የምትኖረዋን ታስታውሻታለሽ። "እኔ እነዚህን ሰዎች ረግሜያቸው ነበር!" ብላ ጀመረች፤ የከረባት ፊት አመድ ሆነ። "ጉድጓድሽ አይጠጣም ብለው ዘጉብኝ። መንደሩን ሁሉ አዙሬ ሰደብኳቸው። ከዚያ ውሃውን በተውን በወሩ ሦስቱ ልጆቼ ሆዳቸው ደህና ሆነ፤ ትንሿ ክብደት ጨመረች። እርግማኔን ዛሬ ላነሳ ነው የመጣሁት። ጀሪካኑ የጎረቤቴ ነው።"

ሰብሳቢዋ ወደ ውስጥ ገቡ። አብሯቸው ያለው ወጣት ቅጽ ይዟል፤ አርባ አንድ ጥያቄ። ፕሮፌሰር ስንት? ጥናት ስንት? የውጭ ተማሪ ስንት? ከረባት ይመልሳል፣ ድምፁ እያነሰ ይሄዳል። ያ ቴክኒሻናችን፣ ዝምተኛው፣ እንደ ልማዱ ትንፍሽ ሳይል መደርደሪያው ላይ ወጥቶ የመጀመሪያውን መዝገብ አወረደና ሰብሳቢዋ ፊት አኖረው። ጀርባው የተገነጠለውን፣ አንቺ በፕላስተር የለጠፍሽውን። የመጀመሪያውን ገጽ ገልጠው መነጽራቸውን አደረጉና ጮክ ብለው አነበቡ፦

"ቁጥር አንድ፦ የእናቴ ጉድጓድ። አይጠጣም። ሦስት ጊዜ ተመርምሯል። ባለቤቷ አላመነችም።"

ቀና ብለው "ባለቤቷ ማን ናት?" አሉ።

ልጄ፣ ጠርሙስ በእጄ ይዤ ነበር፤ አልጣልኩትም፣ ግን ለጥቂት ነው። "እኔ ነኝ" አልኩ። ከዚያማ አፌ ተከፈተ። አባትሽ ያን ጉድጓድ በገዛ እጁ እንደቆፈረው ነገርኳቸው፤ ውሃው እንደ መስታወት የጠራ እንደነበር፣ እሱ ካረፈ በኋላ ከዚያ በቀዳሁ ቁጥር እሱ የሰጠኝ ይመስለኝ እንደነበር። አንቺ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሆነሽ ያንን ወረቀት ስታመጪልኝ "የአባትሽን ጉድጓድ ሰደብሽ" ብዬ ሳምንት እንዳኮረፍኩሽ። እልኬን ለማሳየት እያየሽኝ አንድ ሙሉ ብርጭቆ እንደጠጣሁና ሆዴ ራሱ እንደመሰከረልሽ ሁሉ ነገርኳቸው። ወጣቱ ሳቁን መያዝ አቃተው። ሰብሳቢዋ ግን አልሳቁም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

"አላመነችም ብላ እናቷን መዝገብ ላይ የጻፈች ተማሪ" አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ እንጃ። "በውጤቱ ለእናቷም ያላዳላች።" ከዚያ ለወጣቱ "ይሄን ጻፈው" አሉት።

"ቅጹ ላይ ለዚህ ቦታ የለውም" አላቸው።

ቅጹን ከእጁ ተቀብለው ገለበጡት። "ጀርባው ባዶ ነው" አሉና ራሳቸው ይጽፉ ጀመር። ቆመው ነው የጻፉት። ገጹ እስኪሞላ።

ሊወጡ ሲሉ እኔን "ያቺ ተማሪ አሁን የት ናት?" አሉኝ። የምትሠሪበትን ዩኒቨርሲቲ ስም ነገርኳቸው፤ ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ። "እዚያ ያሉት ሰዎች ከየት እንደመጣች ያውቃሉ?" አሉኝ።

"እንዴታ!" አልኩ። ቶሎ ነው ያልኩት።

እንዲያው ነገሬ ላይ ይሄንን ላንሳና፣ ባለፈው ዝምተኛው በስልኩ ላይ የዩኒቨርሲቲያችሁን ገጽ አሳይቶኝ ነበር። ፎቶሽ እንዴት ያምራል! ፀጉርሽን እንደዚያ ማስያዝሽ ተስማምቶሻል። ከሥሩ የተጻፈውንም አነበበልኝ፤ እዚያ ያገኘሽው ዲግሪ አለ፣ ሽልማትሽ አለ። የኛ የለም። "ቦታ ጠቧቸው ይሆናል" አልኩት። "ይሆናል" አለኝና ቀኑን ሙሉ ዝም አለ። እሱ መቼም ሌላም ቀን አያወራም፤ እኔ ግን የዚያን ቀኑን ዝምታ ከሌላው ለየሁት። አያስጨንቅሽ። እኔም በወረቀት ያመጣሽልኝን ለማመን ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ሰው ደግሞ የራሱን ጉድጓድ እስኪያውቀው ጊዜ ይወስድበታል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ትናንት፣ ውጤቱ መጣ። ከረባት አዳራሽ ሰብስቦ አነበበልን። ከሠላሳ አራት ሃያ ሁለተኛ! ድምፁ የለቅሶ ቤት ነበር። አንድ ገጽ ገለጠ፣ ለራሱ አነበበ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሰው ሆኖ አነበበው፦ "የውሃ ቤተ ሙከራው ባለበት ይቀጥል። የማክሰኞውን አሠራር ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች መጥተው ይዩት።" እልል አልኩ! በአዳራሹ መሀል! ዝምተኛው እንኳ "ጎበዝ!" አለ፤ ማንን እንደሆነ አልገለጸም፤ ግን ቃል ከአፉ ወጣ።

ከረባት አሁን "እኔ ድሮም ማክሰኞን እደግፍ ነበር" እያለ ነው። ይበል፤ እኔ አመሰግነዋለሁ። ቅድም ከአዳራሹ ሃምሳ ወንበር አውጥቶ፣ ለሚቀጥለው ማክሰኞ አሮጊቶቹ ቆመው እንዳይጠብቁ በጥላው ሥር ሲያስደረድር ነበር። "እትዬ፣ ይበቃል ይሉኛል?" አለኝ። ወደ "እትዬ" ተመልሰናል።

ለባለ ጋሪውም ነገርኩት። "ሃያ ሁለተኛ ወጣን" ስለው "ለማን?" አለኝ። "ለእኔ አንደኛ ነው፤ ሌላ አላውቅማ!"

እኔስ ማንን ማንን ላመስግን? ፈጣሪን አመሰገንኩ። ቅጹን የገለበጡትን እናት አመሰገንኩ፤ ዕድሜያቸው ይርዘም። እንዳትመጡ ብያቸው የመጡትን ዘጠና ሦስቱን አመሰገንኩ። አባትሽንም፤ ጉድጓዱ ባይጠጣም ከሱ የተቀዳው ነገር ይኸው እስከዚህ ደረሰ። አሁን በውሃው ልብስ አጥባለሁ፣ ጎመኔንም አጠጣበታለሁ። አንቺን ግን አመሰግናለሁ ብል አይበቃኝም፤ ያኔ አኩርፌሽ ሳልነግርሽ የቀረሁትን ዛሬ ልንገርሽ፤ ልክ ነበርሽ።

የመዝገቡን የመጀመሪያ ገጽ ዝምተኛው ፎቶ ኮፒ አድርጎልኝ ከዚህ ጋር አስገብቼልሻለሁ። የእጅ ጽሑፍሽ ያኔም የዶሮ ጭረት ነበር። አጣጥፈሽ መሳቢያ ውስጥ ብታስቀምጪውም ደስ ይለኛል። እዚያ የዩኒቨርሲቲያችሁ ገጽ ላይ የሚጽፉትን ሰዎች ስታገኚያቸው ደግሞ ከእኔ ሰላም በያቸው፤ ቦታ ከጠበባቸው ጀርባው አለ።

እግርሽ እንቅፋት አይንካው። የምትጠጪው የጠራ፣ የምትተኚበት የሞቀ ይሁን። የሚያውቁሽ ይብዙልሽ፤ የምታውቂያቸውም አይጥፉብሽ።

የምትወድሽ እናትሽ፣
ቁጥር አንድ

ማስታወሻ፦ አሁን አምናለች ብለሽ መዝገቡን ማረም ብትፈልጊ፣ ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም። በራስሽ እጅ ነው የሚታረመው።